ቃል ሲጠፋ፣ እጅ ሲከብድ፣ ሽታ ሲርቅ፦ ቤተሰብ ከየት ይጀምር?

አዳዳ ቡና ስትቆላ ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣ ነበር። አዳዳ የአባቴ እህት ናት። ቤታችን ኦሮምኛም አማርኛም ስለሚነገርበት ሁላችንም የምንጠራት በዚሁ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡናው መቁያው ላይ ከሰል እስኪመስል አረረ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ሲኒ ታለቀልቃለች። ምንም አልሸተታትም። "አዳዳ፣ አረረ እኮ!" ስላት ዞር አለችና "ያ... ያ የቡናው..." ብላ ቀረች። "መቁያ" የምትለው ቃል አልመጣላትም። በቀኝ እጇ የያዘችው ሲኒም አመለጣትና ተሰበረ።

ሦስቱም ምልክት በአንድ ከሰዓት ዓይኔ ሥር ነበር። እኔ ያየሁት ግን የተቃጠለውን ቡና ብቻ ነው። ቤተሰቡ "እርጅና ነው" አለ። የወሰድናት አንድ ጤና ተቋምም "የዕድሜ ጉዳይ ነው" ብሎ ቫይታሚን ሰጥቶ መለሰን። እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመት ከመንፈቅ አለፈ።

ይህን የምጽፈው ሌላ ቤተሰብ ያንን ዓመት ከመንፈቅ እንዳያባክን ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ አስታማሚ ነኝ። ከታች ያለው ከሐኪሞቿ የተማርኩት፣ ያነበብኩትና ቤት ውስጥ ሞክሬ ያየሁት ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ?

ንግግር በደቂቃ ወይም በሰዓት ውስጥ ከተሳሰረ፣ ፊት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር በድንገት ከዛለ ይህን ጽሑፍ ተዉትና ቶሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ስትሮክ ሊሆን ይችላል። እዚያ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት። ጸሎቱም ዱዓውም ባጃጁ ላይ ይደረስ።

እዚህ የማወራው በወራትና በዓመታት እያደር ስለሚመጣው ነው።

አንደኛ፦ ደብተር ያዙ

ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "መቼ ጀመረ? የቱ ቀደመ?" ብሎ ነው። እኛ "ቆይቷል" ከማለት ሌላ መልስ አልነበረንም። ቀኑ ካልታወሳችሁ በበዓልና በወቅት አስሉት። ከጥምቀት በፊት ነው? ባለፈው ረመዳን በደንብ ታወራ ነበር? ቡና ለቀማ ላይ ጣቶቿ እንደ ድሮው ይሠሩ ነበር?

ቅደም ተከተሉ ለምን ይጠቅማል? መጀመሪያ የተበላሸው ቋንቋው ከሆነና ለጊዜው ሌላው ሁሉ ደህና ከነበረ፣ ሐኪሙ የሚያስበው ፕራይመሪ ፕሮግረሲቭ አፌዢያ የሚባለውን ነው። እያደር የሚብስ የቋንቋ መጥፋት ማለት ነው። ሽታ ከብዙ ዓመት በፊት ጠፍቶ መንቀጥቀጥና መንቀርፈፍ ኋላ ከመጣ ደግሞ ፓርኪንሰን ይታሰባል። በፓርኪንሰን ሽታ የሚጠፋው እጅ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ዓመታት ቀድሞ ሊሆን ይችላል።

ሌሎች ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮችም ይጻፉ። በእንቅልፍ ልብ ትጮሃለች? ህልሟን እየኖረች ትራገጣለች? ሆድ ድርቀት አለባት? ወድቃ ታውቃለች? ወደፊት ነው ወይስ ወደ ኋላ? በተለይ የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት።

ሁለተኛ፦ ቃሉን በቤት ዕቃ ፈትሹ

በጸጥታ፣ ቴሌቪዥን አጥፍታችሁ፣ ጠዋት ላይ አድርጉት። ፈተና እንዳይመስላት ከቡና ጋር አያይዙት። ስልካችሁን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋችሁ ቅረጹ፤ ግን አስፈቅዳችሁ። አሥር የምታውቃቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ አሳይዋት። ጀበና፣ ረከቦት፣ ሙቀጫ፣ ዘነዘና፣ ወንፊት፣ ቁልፍ፣ መርፌ ... ስማቸውን ትበል።

እዚህ ላይ የምትሰሙት ስህተት ዓይነቱ ይለያያል። ልዩነቱን እንደሰማችሁት ጻፉት።

አንዱ ዓይነት ቃሉን እያወቀች አፏ የሚታገልበት ነው። ንግግሩ ይቆራረጣል፣ ግሱ ይጎድላል። "ልጄ ነገ ከአጋሮ ትመጣለች" ለማለት "ልጄ... አጋሮ... መጣ" ትላለች። አዳዳ እንዲህ ነበረች። የአማርኛ ግስ ማን፣ መቼ፣ ለማን የሚለውን ሁሉ በአንድ ቃል ስለሚሸከም ብልሽቱ ግሱ ላይ ቶሎ ይሰማል።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። ንግግሩ ይፈስሳል፣ ትርጉሙ ግን ይሸሻል። "ሙቀጫውን አምጪልኝ" ስትሏት "ሙቀጫ ምንድን ነው?" ብላ ትጠይቃለች። ያልሰማች ይመስላችኋል። ሰምታለች፤ የቃሉ ፍቺ ነው የጠፋው።

በሦስተኛው ቃል ፍለጋ በየመሃሉ ትቆማለች፣ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገርም መድገም ያቅታታል። ይህኛው ብዙ ጊዜ አልዛይመር ከሚባለው የመርሳት በሽታ ጋር ይያያዛል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በፓርኪንሰን ድምፅ ይቀንሳል፣ ንግግር ይድበሰበሳል። ያ የቃል መጥፋት አይደለም። እንዴት ትለያላችሁ? ማንበብና መጻፍ የምትችል ከሆነ ቃሉን አስጽፏት። በትክክል ከጻፈችው ቃሉ አለ፤ የደከመው አፏና ድምጿ ነው። መጻፍ ካልለመደች ስም እየጠራችሁ ዕቃውን በጣቷ ታሳያችሁ። መጀመሪያ ግን ጆሮዋን ለሐኪም አሳዩ። በጆሮ ኩክ ምክንያት "አትሰማም፣ አይገባትም" የተባለ ሰው ብዙ ነው።

አሁን ጅማ ላይ ላለን ሰዎች ዋናው ነጥብ። በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ፈትሿት። አዳዳ ከኛ ጋር ሁልጊዜ "ውሃ" ትል ነበር። በሽታው ሲጀምር "ቢሻን" ማለት አበዛች። እኛ "ወደ ኦሮምኛው አደላች" ብለን ሳቅን። ኋላ ነው የገባን፤ አማርኛው ቀድሞ እየሸሻት ነበር። ኦሮምኛ፣ ዳውርኛ፣ ከፍኛ፣ የምሳ ተናግሮ ያደገን ሰው በአማርኛ ብቻ ፈትኖ "ቋንቋው ጠፍቷል" ማለት ትልቅ ስህተት ነው። ሁለቱንም ሞክሩ፣ የትኛው እንደተሻለ ጻፉ፣ ለሐኪሙም ንገሩት።

ሦስተኛ፦ እጅና እግሩን እዩ

አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ቶሎ ቶሎ ታጋጥም። መጀመሪያ በቀኝ፣ ከዚያ በግራ። አንዱ ይዘገያል? እየጠበበ ይሄዳል? ቁልፍ ትቆልፍ፣ ፀጉሯን ታበጥር። ጉልበት ሳያንሳት እጇ "እንዴት ነበር?" የሚል የሚመስል ከሆነ ይህን ለይታችሁ ጻፉት። በግቢው ውስጥ ስትራመድ ከኋላ ቅረጿት። አንድ እጇ ሳይወዛወዝ ይቀራል? ደረጃ ስትወርድ ወደ ታች ማየት ያቅታታል? የምትጽፍ ከሆነ ፊደሏ እያነሰ መጥቷል?

የአዳዳ ችግር ቀኝ እጇ ላይ ነበር። የነርቭ ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ወዲያው ቀና አለ። ለአብዛኛው ሰው ቋንቋ የሚመራው ከግራው የአንጎል ክፍል ነው። ቀኝ እጅን የሚያዝዘውም ያው ግራው ነው። ቃሏና ቀኝ እጇ አብረው መድከማቸው ታዲያ ሁለት የተለያየ በሽታ አልነበረም። ጎረቤታሞች ናቸው።

አራተኛ፦ አፍንጫውን ከአፉ ለዩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። "ይሄ ምን ይሸታል?" ብላችሁ ጠይቃችሁ ዝም ካለች ሽታ አጥታለች ማለት አይደለም። ሽታው መጥቶ ስሙ ጠፍቶባት ሊሆን ይችላል።

እንዲህ አድርጉ። በመጀመሪያ አፍንጫዋ እንዳልተዘጋ አረጋግጡ። ጉንፋን፣ ሳይነስ፣ ኮቪድ፣ ጭንቅላት ላይ የደረሰ አደጋ ሁሉ ሽታን ያጠፋሉ። ከዚያ በተመሳሳይ ሲኒዎች የተፈጨ ቡና፣ ጤናዳም፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የገላ ሳሙና አዘጋጁ። አንዱን ሲኒ ባዶ ተዉት። በርበሬ፣ አልኮል፣ በረኪና፣ ቪክስ አትጠቀሙ። እነሱ አፍንጫን ያቃጥላሉ። ማቃጠሉ የሚሰማው በሌላ ነርቭ ስለሆነ ሽታ የሌለውም ሰው ይደነግጥባቸዋል።

ዓይኗን ትጨፍን። "ይሸታል ወይስ አይሸትም?" በሏት፤ በራስ ንቅናቄ ትመልስ። ባዶውንም አቅርቡላት። ከዚያ ዓይኗን ትግለጥና ቡናውን፣ ሳሙናውን፣ ብርቱካኑን ፊቷ ደርድሩ። የሸተታት የትኛው እንደሆነ በጣቷ ታሳይ።

የቡናውን ሲኒ አሽትታ ወደ ቡናው ካመለከተች፣ ስሙን ባትጠራውም አፍንጫዋ ደህና ነው። "ይሸታል" ብላ ወደ ሳሙናው ካመለከተች ሽታው ደርሷል፣ ምንነቱ ግን ጠፍቷል። ቡናውንም ባዶውንም እኩል "አይሸትም" ካለች ያ እውነተኛ የሽታ መጥፋት ነው። ሽታ ያጣ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ አያውቀውም። "ምግቡ ጣዕም የለውም" ይላል። ወጥ ላይ ጨው ይበዛል። የአዳዳ ወጥ ከቡናው መቃጠል ብዙ ወር ቀድሞ ጨው በዝቶበት ነበር። እኛ ግን ተሳቀንና ዝም ብለን በላን።

ሽታ ብቻውን በሽታን አይለይም። ግን ፍንጭ ይሰጣል። በፓርኪንሰን፣ በሌዊ ቦዲ የመርሳት በሽታና በአልዛይመር ሽታ ይቀንሳል። ወደ ኋላ እየጣለ ዓይን ወደ ታች ማየት የሚከለክለው ፒኤስፒ በሚባለው በሽታ ግን ሽታ ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይጎዳም።

አምስተኛ፦ ሊድን የሚችለውን አስፈትሹ

ስትሄዱ ደብተሩን፣ የስልክ ቪዲዮዎቹን፣ አብሯት የሚኖር ሰው፣ ቋንቋዋን የሚያስተረጉም ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጨምሮ፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ አምጡ። በጤና ጣቢያ ጀምሩና ሪፈር ጠይቁ። ለደቡብ ምዕራቡ አካባቢ ትልቁ ሪፈራል የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። እዚህ ያልተገኘ ምርመራ ካለ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለታማሚ ረጅም መንገድ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ቀጠሮውን በስልክ አረጋግጡ።

"የዕድሜ ጉዳይ ነው" ከተባላችሁ በትህትና፣ ግን ሳትለቁ፣ እነዚህን ጠይቁ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ታይቷል? የታይሮይድ ዕጢዋስ? ስኳር፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ ተመርምሯል? ቂጥኝ ስትሰሙ አትደንግጡ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንጎል ሊነካ የሚችልና የሚታከም በሽታ ስለሆነ ነው የሚመረመረው።

የጭንቅላት ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ደግሞ የግድ ነው። አረጋዊ ሰው ወድቆ፣ ምንም አልሆንኩም ብሎ ተነስቶ፣ ከሳምንታት በኋላ በራስ ቅሉ ውስጥ ደም ቀስ ብሎ ሊጠራቀም ይችላል። ያ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ከአፍንጫ በላይ፣ ከአንጎሉ ፊት ሥር የሚያድግ ዕጢም ሽታን ቀድሞ ሊያጠፋ፣ ኋላ ጠባይንና አካሄድን ሊያበላሽ ይችላል። ይህን ሳያዩ "መድኃኒት የለውም" ማለት ፍርድ ማጓደል ነው።

መድኃኒቶቹንም አስጠይቁ። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ፕላሲል፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ፓርኪንሰን የመሰለ ግትርነት ያመጣሉ፣ ያለውንም ያብሳሉ። ይህን አውቃችሁ ሌላ ክሊኒክ ስትሄዱም ተናገሩ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

ስድስተኛ፦ ስሙ ሲነገራችሁ

ለአዳዳ የተሰጣት ስም ኮርቲኮቤዛል ሲንድሮም ነው። ብዙ ጊዜ ከአንድ ወገን እጅ የሚጀምርና ቋንቋንም ሊነካ የሚችል፣ እያደር የሚብስ የአንጎል ሕመም ነው። የሚቆራረጠው የቋንቋ መጥፋት ያለባቸው ሰዎች እያደር ወደዚህ ወይም ወደ ፒኤስፒ ሊሄዱ ይችላሉ። ስሙ ከዓመት ዓመት ቢለወጥ ሐኪሙ ተሳስቷል ብላችሁ አትጣሉት። በሽታው ራሱ ፊቱን የሚያሳየው ቀስ በቀስ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አርኖልድ ፒክ ቋንቋው ቀስ በቀስ የጠፋበትን ታማሚ በ1892 ጽፏል። ማርሰል መሱላም ስድስት ሰዎችን ተከታትሎ በሽታውን ለብቻው የለየው በ1982 ነው። እነዚህን ዓመታት ለአዳዳ ልጆች የነገርኳቸው በምክንያት ነው። "ሰው ሠርቶባት ነው" እየተባለ የዘመድ ፀብ ሊነሳ ነበር። አንጎል ውስጥ ፕሮቲን እየተጠራቀመ ሴሎቹ እየሞቱ ነው። ማንም አልሠራባትም።

መድኃኒቱን በተመለከተ ቁርጡን ልናገር። የጠፋ ቃልን የሚመልስ፣ በሽታውን የሚያቆም ክኒን የለም። ሌቮዶፓ ፓርኪንሰንን በደንብ ያግዛል። በኮርቲኮቤዛልና በፒኤስፒ ግን ጥቅሙ ትንሽ ወይም ለጊዜው ነው። ቢሆንም መሞከር ይገባዋል። ሥጋ፣ ወተት፣ ሽሮ የመሳሰሉት መድኃኒቱ በደንብ እንዳይሠራ ስለሚያደርጉ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ቢወሰድ ይሻላል። ካቅለሸለሻት ሐኪሙን ጠይቁ። ጸበልም ዱዓም ይቀጥል፤ ክኒኑ ግን በዚያ ሰበብ አይቋረጥ።

ሰባተኛ፦ ቤቱን አስተካክሉ

የጅማ በርጩማ እወዳለሁ። ከአንድ እንጨት የተፈለፈለ ውብ ነገር ነው። ግን መደገፊያ የለውም፣ ዝቅም ይላል። ወደ ኋላ ለሚወድቅ ሰው አደጋ ነው። አዳዳ ሁለቴ ከወደቀች በኋላ መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ገዛን። በርጩማዋን አልጣልነውም። አሁን እግሯን ታሳርፍበታለች።

ምንጣፍና ሰሌን ጠርዙ ካልተያዘ አንሱ። ተረከዝ የሌለው ነጠላ ጫማ ይቅር። ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት አስመቱ፤ ማታ መብራት ይደር።

ሽታ ለጠፋው ሰው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ጋዝ ሲያፈስ፣ ወተት ሲበላሽ፣ ጨርቅ ሲቃጠል አያውቅም። ብቻዋን ምድጃ ላይ አትተዋት። ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ምግብ ሌላ ሰው ያሽትተው። ቡናዋን ግን አትንጠቋት! አዳዳ አሁንም ትቆላለች፤ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው አለ። በአፍንጫ ፈንታ ቀለሙን እያየች ታወርዳለች። የከሰል ጭስ መርዙ ለማንም አይሸትም፤ ስለዚህ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይደር።

ስምንተኛ፦ አበላልና አጠጣጥ

ውሃ ስትጠጣ ካሳላት፣ ከጠጣች በኋላ ድምጿ እንደ ረጠበ ከሆነ፣ ያልታወቀ ትኩሳት ከተመላለሳት መዋጥ እየከበዳት ነው። ወደ ሳንባ የሚገባ ምግብ ኒሞኒያ ያመጣል። ብዙዎችን የሚገድለውም ይሄ ነው። ቀጥ ብላ ትቀመጥ፣ አገጯን ትንሽ ወደ ደረቷ ታድርግ፣ በትንሽ በትንሹ ትጉረስ። ቀጭን ፈሳሽ ከወፍራም ይልቅ ያስቸግራል። ወፈር ያለ አጥሚት ከውሃ ይልቅ ይመቻል። ጉርሻ ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ትንሽ ይሁን፣ የፊተኛውን ሳትውጥም አይደገም። እየበላች አታስወሯት። ከበላች በኋላ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብላ ትቆይ።

ዘጠነኛ፦ ወረቀቱ

ውክልና፣ የባንክ ደብተር፣ የቤት ካርታ ጉዳይ ፈቃዷን ራሷ መግለጽ በምትችልበት ጊዜ ይለቅ። ልጆቿ ሁሉ ባሉበት ይሁን። ከዘገየ ፈቃዷን የሚመሰክር ቃል አይኖራትም።

አሥረኛ፦ ወሬው አይቋረጥ

በአገራችን የንግግር ሕክምና ባለሙያ ጥቂት ነው። ካገኛችሁ እሰየው። እስከዚያው ግን አብዛኛውን ሥራ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል።

ፊት ለፊት ተቀመጡ። አንድ ሰው ብቻ ያውራ። ጥያቄ ጠይቃችሁ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። በጣም ይረዝማል፤ የአዳዳ መልስ ግን ብዙ ጊዜ ሰባት ስምንት ላይ ይመጣል። "ምን ትበያለሽ?" ከማለት ጨጨብሳውንና ዳቦውን አሳይቶ "ይሄን ወይስ ይሄን?" ማለት ይሻላል። "አዎ" እና "አይ" ሊቀያየሩባት ይችላሉ። አፏ "አይ" እያለ ራሷ ሲነቀነቅ እጇንና ዓይኗን እመኑ። አታርሟት። እንግዳ ፊት ደግሞ ስለ እሷ እንደሌለች አድርጋችሁ አታውሩ። ሁሉን ትሰማለች።

ከልጅነት የተለማመዱት ነገር ቶሎ አይጠፋም። ሰላምታ፣ ቁጥር፣ ጸሎት፣ ዜማ ከሌላው ቃል በኋላም ይቆያሉ። አንዲት ሙሉ ዓረፍተ ነገር የማይወጣት አዳዳ፣ ጎረቤታችን መንዙማ ሲያወጣ ተቀባይ ሆና ታዜማለች። ስለዚህ በየቀኑ ቢያንስ አንዴ አዜሙ።

ትንሽ አልበም ሥሩ። የቤተሰቡን፣ የሽንት ቤቱን በር፣ የውሃ ብርጭቆ፣ የመኝታዋን፣ የሚያማትን ቦታ የምታሳይበት የሰውነት ሥዕል አስገቡበት። ፎቶው የራሷ ዕቃ ይሁን፤ ከስልክ የወረደ የሌላ ሰው ሲኒ ግራ ያጋባታል። ድምጿንም አሁኑኑ ቅረጹ፤ ስማችሁን ስትጠራ፣ ስትመርቅ፣ ስትስቅ። እኛ የዘገየነው እዚህም ላይ ነው። ስሜን ሙሉውን የጠራችበት አንድ ቮይስ ብቻ አለኝ። እሱም ከቴሌግራም ላይ በአጋጣሚ የተገኘ ነው።

የአልበሟ የመጀመሪያ ገጽ የመቁያው ፎቶ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሲደርስ በግራ እጇ ትገልጠውና ጣቷን ታስቀምጥበታለች። እኛም ከሰል እናያይዛለን።